የሁዳዴ ብድር

አባቴ የሚሠራው ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ የምንኖረው ግን ናዝሬት ነው። ጠዋት በሠራተኛ መኪና ተጭኖ ይሄዳል፣ ማታ በዚያው መኪና ይመለሳል። መኪናው ሰዎቹን የሚያወርድበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ኒም ዛፍ ነበረ። በደመወዝ ቀን ከዛፉ ሥር አንዲት ጠና ያሉ ሴት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። የዛፉ ጥላ እያለ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን አንስቶ ጃንጥላውን ሲታገለው እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ማንንም አይጠሩም። ሰዎቹ ከመኪናው እየዘለሉ ይወርዱና አንድ በአንድ ራሳቸው ይሄዱላቸዋል።

በአራጣ ያበድራሉ። በዚያ በደርግ ዘመን በአራጣ ማበደር በዝባዥ የሚያስብል፣ ቀበሌ የሚያስጠራ ነገር ነበር። ግን የቀበሌያችን ጥበቃ ራሱ ተበዳሪያቸው ስለነበረ ማንም ማንንም አልጠራም። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እናቴ ብቻ፣ ቤት ውስጥ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ «ባለ ጃንጥላዋ» ትላቸው ነበር፤ ያውም ያለ አንቱታ።

ዕዳችን የመጣው ከአያቴ ቀብር ጋር ነው። አባቴ የከምባታ ሰው ነው። ለሸንኮራ ሥራ ገና ጎረምሳ ሳለ ወንጂ መጥቶ በዚያው ቀረ። እናቱ ማረፏን የሚናገር ሰው ሲመጣ አገሩን ካየ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ስኳር ፋብሪካ ተቀጠረ የተባለ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን እናቱን ሊቀብር አይሄድም። ቡና፣ ስኳር፣ ለአጎቶቹ ጋቢ፣ ለለቅሶተኛው እህል ያስፈልጋል። እትዬ ዘንድ ሄዶ ተበደረ፣ በጭነት መኪና ሻሸመኔ ድረስ ሄደ፣ ከዚያም አገሩ ገብቶ እናቱን በክብር አልቅሶ ተመለሰ። እናቴ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። የሚያናድዳት ሌላ ነው። «ሬሳው ተቀብሯል፤ ያልተቀበረው ዕዳው ነው» ትል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ደመወዙን የሚቀበለው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ከእትዬ አሥር ብር የወሰደ ሰው በደመወዝ ቀን አሥራ ሁለት ይመልሳል። አባቴ ከመኪናው ወርዶ የተበደረውን ከነወለዱ ሲከፍል ኪሱ ውስጥ የሚተርፈው ለሦስት ቀን እንኳ አይበቃም። ስለዚህ እዚያው ቆሞ መልሶ ይበደራል። ገንዘቡ ከእሱ እጅ ወደ እሳቸው መቀነት፣ ከእሳቸው መቀነት ወደ እሱ እጅ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ወለዱ ይቆረጣል፣ ዋናው ግን እንደ ቆመ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ወተት መግዛት ትተን፣ ጫማዬ ሦስተኛ ጊዜ ተሰፍቶ፣ እናቴ ከአርሲ ነገሌ ወንድሟ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ከጎረቤት የተዋሰችውን ቅቤ እንደ ራሷ አድርጋ እያቀረበች ነው የኖርነው። አባቴ ክፉ ቃል አይናገርም ነበር። በደመወዝ ቀን ማታ ግን ትከሻው ወርዶ ስለሚገባ እናቴ ገና ከበሩ ስታየው ታውቃለች።

አንድ የቀበሌ ውይይት አዘውታሪ ጎረቤታችን ለአባቴ መላ አመጣለት። ሴትዮዋን ጠቁማቸው፣ አራጣ አበዳሪ ናቸው በል፣ እሳቸውም ይታሰራሉ፣ ያንተም ዕዳ ይሰረዛል አለው። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ አልደብቅም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ግን ሰውየውን ሸኝቶ ሲመለስ እንዲህ አላት።

«እናቴ የሞተች ቀን ስንት በር አንኳኳሁ? የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። የከፈተልኝን ሰው በር ላሽግ?»

እናቴ ታጥቦ የተቀመጠውን ድስት አንስታ መልሳ አጠበችው።

መውጫው የተገኘው ቦኖው ላይ ነው። እናቴ ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ይዛ ሳለ የባለ ጋሪው ሚስት አጠገቧ ነበረች፤ ጎረቤታችን ናት፣ ሳቂታና ወሬ የማይቀርባት ሴት። እነሱም የእትዬ ተበዳሪ እንደነበሩ ስለምናውቅ እናቴ እንዴት እንደወጡ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ በሁዳዴ ነዋ፣ ሰው ሁሉ በሁዳዴ አይደል እንዴ የሚወጣው አለቻት። ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻት። የእትዬ የንስሐ አባት ወለድ መብላት እንዲተዉ ስንት ጊዜ ገሥጸዋቸዋል። እትዬ መኖሪያዬ ነው ብለው አልቅሰው፣ ተከራክረው፣ በመጨረሻ በሁዳዴ ሊተዉ ተስማሙ። ወለድ ሥጋ ነው፣ በጾም አልበላም አሉ። ስለዚህ ጾሙ ከገባ እስኪፈታ ያበደሩትን ዋናውን ብቻ ይቀበላሉ።

ሁለት ነገር ግን ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ተበዳሪው ራሱ የሚጾም መሆን አለበት፤ እሱ ሥጋውን እየበላ እሳቸው የሚጾሙበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ዕዳው ጾሙ ሳይፈታ ማለቅ አለበት። ሳያልቅ ፋሲካ ከገባ፣ እንደ ማንኛውም ጿሚ የከረመውን ባንድ ጊዜ ነው የሚበሉት፤ የጾሙ ወራት ወለድ በሙሉ ተመልሶ ይቆጠራል።

ችግሩ እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሰንብቷል፤ ምእመኑ በየቤቱ እየተሰበሰበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምር ነበር። አባቴ ሲጾም እኔ እንኳ አላውቅም፤ ለእሱ ጾም የጓዳ ነገር ነው፣ ለሰው አይታይም። አሁን እናቴ ቦኖው ላይ የሰማችውን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። ለገንዘብ ብዬ ሃይማኖቴን አልለዋውጥም አለ። እናቴ ገንዘቡንም ሃይማኖቱንም አላነሳችም።

«እኛ እንደሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጾም ነው የኖርነው» አለችው። «አሁን ስም ብናወጣለት ምን አለበት?»

አባቴ ጥቂት ቀን አሰበበት። ከዚያ እራት ላይ፣ እሺ፣ እንጾማለን፤ ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም አለ። እናቴ ማን ይጠይቅሃል ብላ አለፈችው።

እንጀምር ብለን ጀመርን። ለካስ እናቴ እንዴት እንደሚጾም አታውቅም ኖሯል። አርሲ ነገሌ ስታድግ ጎረቤቶቿ እስላሞች ስለነበሩ እሷ የምታውቀው ጾም የረመዳን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ውሃ እንኳ ሳንቀምስ ፀሐይ እስክትገባ አቆየችን። ታናሽ ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩን እየላሰ ጨለማን ይጠብቃል። ፀሐይ ስትገባ እናቴ ደስ ብሏት፣ ለዚሁ ቀን ብላ እንደ ምንም ያገኘችውን ወተት በየኩባያው ቀዳችልን። ይህን ጊዜ የባለ ጋሪው ሚስት ልትጠይቀን ብቅ አለች። ከንፈራችን ነጭ ሆኖ አገኘችን። በደረቷ ላይ አማተበችና ገደፋችሁ እኮ አለች፤ ከዚያ ሳቋ አላስቆም ብሏት በሩን ይዛ ቆመች። ወተቱን ከእጃችን እየተቀበለች፣ ቀኑን ሙሉ ጾማችሁ ማታ መግደፍ የናንተ ብቻ ነው አለች። ያን ምሽት ቁጭ ብላ ለእናቴ ሁዳዴን አስተማረቻት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ለማንም አልተናገረችብንም። ወሬ ለማይቀርባት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመጾማችን ወሬ ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለስን መስሏቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። አንዷ ተልባ ትልካለች፣ አንዷ ሱፍ ፍትፍት ይዛ ትመጣለች። እናቴ ስትቀበል ታፍራለች፤ እኛ ልጆቹ ስንበላ አናፍርም። እንደዚያ ሁዳዴ ጠግቤ የበላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በሌላ በኩል የጸሎት ቡድናችን ሽማግሌ ተጨንቀው መጡ። አባቴ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ከዕዳ እንድንወጣ ጸለዩልንና ሊሄዱ ሲሉ ሴትዮዋ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ጠየቁ። ሽማግሌውም የሌላ አራጣ አበዳሪ ዕዳ ነበረባቸው። በሳምንቱ ጾም ጀመሩ።

ጾሙ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን አባቴ ኒሙ ሥር ሄዶ ከፈለና፣ እትዬ፣ ቤቴ በሙሉ እየጾመ ነው አላቸው። ውሸት አልነበረም። እሳቸው ከጃንጥላቸው ሥር ቀና ብለው አይተውት፣ መጥቼ አያለሁ አሉ። ወለድ ግን አልቆረጡም።

እውነትም መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። እናቴ ሽሮ አቀረበችላቸው። አንድ ጊዜ ቀመሱና ነጭ ሽንኩርት የለውም አሉ። እናቴ በልቧ ምን እንዳለች እኔ ነኝ የማውቀው፤ በአፏ ግን ይቅርታ ጠየቀች። በሌላ ቀን ሲመጡ ነጭ ሽንኩርት ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን አላቆሙም። እናቴን ስልጆ አስተማሯት፤ ስናፍጩ ሲበዛባት ይቆጧታል፣ ሲሳካላት ዝም ይላሉ። ዝም ማለታቸው ምስጋና መሆኑን ቀስ ብለን ተረዳን።

እትዬ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ወሬው አልመጣም። ስለ እሱ አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሱት፤ ሁዳዴን የሚጾሙት ለእሱ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ሳህናቸውን እየገፉ፣ ብቻዬን ስበላ ጾም ይሁን ፍስክ ለይቼው አላውቅም አሉ። እናቴ ሽሮውን እንደገና ጨመረችላቸው፤ ሳይጠይቁ ስትጨምርላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቤት ውስጥ ግን አሁንም «ባለ ጃንጥላዋ» ነበሩ።

ዕዳው መውረድ ጀመረ። ወለድ ስለሌለ አባቴ በየደመወዙ ትንሽ ትንሽ አሳንሶ ይበደራል። እናቴ እንቁላል የምትጥል አንዲት ዶሮ ነበረቻት። በጾም ጿሚው እንቁላል ስለማይገዛ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ያለው የሹፌሮች ሆቴል ድረስ በእግሯ እየሄደች ትሸጣለች፤ ሹፌር መንገደኛ ነኝ እያለ አይጾምም። ሽያጩን ይዛ ስትመለስ አባቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ያሾፍባታል። እሷም የኔ እንቁላል በሹፌር ሆድ ሆኖ በመኪና ነው የሚሄደው ትለዋለች። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ተመልሶ ገባ። ሦስተኛውን ደመወዝ ስንከፍል አንድ ደመወዝ ብቻ ቀረን፤ የሚቀጥለውን ተቀብሎ ከከፈለ ጨረሰ ማለት ነው። የደመወዙ ቀን ዓርብ ነበር፤ ፋሲካ እሁድ።

አባቴ ለእናቴ መጀመሪያ የሚገዛላትን ነገር እያሰበ ነው መሰለኝ፣ ማታ ማታ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።

ያ ዓርብ ስቅለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ግን አላሰብነውም። ጾሙን ስንቆጥር ደመወዙን ረሳን፣ ደመወዙን ስንቆጥር በዓሉን ረሳን። በዓል የማይቆጥር ጴንጤ ሲጾም እንዲህ ነው የሚሆነው። በዋዜማው አባቴ ከሥራ ሲመለስ ትከሻው ወርዷል። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ቅዳሜ ከፋይ የለም፣ እሁድ ፋሲካ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ሜይ ዴይ። ደመወዝ ማክሰኞ ተባለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና «ያ ዋቃዮ» አለች፤ በኦሮምኛ እግዚአብሔርን የምትጠራው የእውነት ስትጨነቅ ብቻ ነው። ጾሙ ተፈቶ በሁለተኛው ቀን ገንዘቡ ይመጣል። የሁለት ወሩ ወለድ ተመልሶ ይቆጠራል፣ አባቴም ተመልሶ ይበደራል፣ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እኔን ይዞ እትዬ ቤት ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን ቄጠማ ግንባራቸው ላይ አስረው ቡና ቤት አጠገብ ያለችው ትንሿ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ የደመወዙን ነገር ነገራቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩና አንድ ነገር ጠየቁት። ሰዎች ይህ ጾማችሁ የገንዘብ ነው እያሉኝ ነው፣ እውነት ነው ወይ አሉት።

የአባቴ እጅ እጄን ጠበቅ አደረገው።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። የጾምነው ዕዳችንን ለመክፈል ነው» አለ።

የእትዬ ቄጠማ ወደ ቅንድባቸው ወርዶ ስለነበረ መልሰው ከፍ አደረጉት።

«ውሉን ታውቃለህ» አሉ በመጨረሻ። «ወለዱ የሚቆጠረው ጾሜን ስፈታ ነው። ሂድ፣ ልጅህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ የሆነውን ስትሰማ አለቀሰች፤ ቀጥላ ተቆጣች። ያቺን አፍህን ለአንድ ቀን ብትዘጋት ምን ነበር አለችው። እሱም ከጠየቁኝ አልዋሽም ብዬሽ ነበር ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር፤ አላለም። አንድ እግር የላላውን በርጩማችንን አምጥቶ ሲጠግን ዋለ።

በፋሲካ ቀን ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። የባለ ጋሪው ሚስት በትንሽ ሳህን ላከችልን፤ ልጆቹ በላን፣ እናቴ ግን አልቀመሰችም። ከሰዓት በኋላ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። ስንት ቀን አብረውን በልተው በበዓል ቀን እንኳን አደረሰዎ ሳልላቸው ብቀር ነውር ነው አለች። ቀጥላ ደግሞ ወለዷን ስትቆጥር በዓይኔ ልያት አለች። ሁለቱም እውነት ነበር። እኔንም አስከተለችኝ።

የእትዬ ቤት ሰው ሞልቶበታል። የወንድማቸው ልጅ ቤተሰቡን ይዞ ከሞጆ መጥቶ በግ አርዷል። ጥብሱ፣ ወጡ፣ ጠላው ቀርቧል። እትዬ ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ሳህን ላይ ሽሮ ነበር፤ ደረቅ የጾም ሽሮ። እናቴ እንኳን አደረሰዎ ብላ ጉልበታቸውን ልትነካ ጎንበስ ስትል ሳህኑን አየችውና በዚያው ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

የወንድማቸው ልጅ ሚስት ለእናቴ ስሞታዋን ታወርድ ጀመር። ዶሮ ከጮኸ ጀምሮ አልቀምስም ብለዋል፣ የንስሐ አባታቸው መጥተው ከፋሲካ ወዲያ መጾም ኃጢአት ነው ብለው ቢቆጧቸውም ሆዴን አሞኛል ነው የሚሉት፤ ሽሮውን ግን ሆዳቸው እንዴት እንደተቀበለው እንጃ አለች።

እትዬ ቀና አላሉም። እንጀራቸውን እየቆረሱ፣ «ማክሰኞ ይሻለኛል» አሉ።

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደጨመቀኝ እስካሁን ይሰማኛል። ተሰናብተን ወጣን። ከግቢው ራቅ እንዳልን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ብዬ ስቀርባት እየሳቀች ነበር፤ እየሳቀች ነው ስል ደግሞ ታለቅሳለች። ቤት ስንደርስ አባቴ በጥያቄ ዓይን አያት። ጾማቸውን አልፈቱም አለችው። አባቴ በሩን ዘግቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሲጸልይ ድምፁ ይሰማን ነበር።

ሰኞ ሜይ ዴይ ስለሆነ ቀበሌው ሰውን ሁሉ ለሰልፍ አስወጣ። ከቀይ ባንዲራዎቹ መሐል አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይታየኝ ነበር። የባለ ጋሪው ሚስት እትዬን እንደምንም እየደገፈች ስትመልሳቸው እሳቸው ፀሐዩ ነው እያሉ ሰውን ሁሉ አሞኙ። ረኃብ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ለባለ ጋሪው ዶሮዋን እንዲያርድላት ሰጠችው፤ ሁዳዴን ሙሉ ለሹፌሮች ስትጥል የከረመችውን። ቆጥቆጥ ሳይላት ነው የሰጠችው። ሽንኩርቱን ስትከትፍ እኔም ረዳኋት። ቅቤ ከጎረቤት አልተዋሰችም፤ በዱቤ ከሱቅ አመጣችና ዛሬ ማታ እከፍላለሁ አለች፤ እንዲህ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ወጡ ደርሶ በባለ ክዳን ድስት ተቋጠረ፣ እንጀራው በነጭ ጨርቅ ተጠቀለለ። እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ተሰልፈን ወደ ኒሙ ሄድን።

እትዬ ቦታቸው ላይ ናቸው። ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ነፋሱ ያን ቀን የበረታባቸው መሰለኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥን። መኪናው እስኪመጣ አራታችንም መንገዱን ስናይ ቆየን። መኪናው መጣ፣ አባቴ ዘሎ ወረደና የቀረውን ዕዳ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀብለው ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ሲቆጥሩ ያላየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ መልሶ የሚበደር መስሎት ከኋላው የተሰለፈ ሰው ይጠብቅ ነበር። አባቴ ግን ከሰልፉ ወጥቶ እኛ ጋ መጥቶ ቆመ።

እናቴ ድስቱን ከፈተች። እንጀራ ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች፣ ከሥጋውም ከእንቁላሉም አድርጋ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። ሰው ሁሉ እያየ ከእትዬ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ይጉረሱ» አለቻቸው።

እማማ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራቻቸው ያን ቀን ነው። እትዬ ጃንጥላውን መሬት ላይ ጣሉት፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ከበርበሬው ጋር ከንፈራቸው ላይ ገባ። የልጃቸውን ነገር ያሰቡ መሰለኝ፤ እናቴም እንደዚያው ያሰበች ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እጇን ጉልበታቸው ላይ እንዳሳረፈች ነበረች። ጃንጥላው በነፋስ እየተንከባለለ ሲሄድ አባቴ ሮጦ ያዘው። ሲመለስ ገና እያኘኩ ነው። ዋጥ አደረጉና ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ እንደ ወትሮው በቁጣ ድምፅ፣

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሏት፤ አፋቸውንም እንደገና ከፈቱላት።